አንቺ ያሰናበትሽው፣ እኔ የጣልኩት

«መምህርት ይታይሽ በአሥራ አንደኛ ክፍል የሎጋሪዝም ትምህርት ላይ ሁለት መልስ ያለውን እኩልታ አንድ መልስ ብቻ እንዳለው አድርገው በማስተማራቸው፣ እንዲሁም ትክክለኛውን ሁለተኛ መልስ ‹እናሰናብተው› እያሉ በተማሪዎች ፊት በመቀለዳቸው የሙያ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። ሟች በመሆናቸው እርምጃ አልተወሰደም።»

ውድ ባለቤቴ ይታይሽ፣

ከላይ ያለውን ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። ነጠላ ሰረዙን እንኳ አልነካሁም። የተገኘው በግል ማኅደርሽ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ወረቀቱ የተጻፈው የሙት ዓመትሽ ዝክር በተዘከረ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የትምህርት ተቆጣጣሪው ክፍልሽ ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው በሕይወት ሳለሽ ነበር፤ ሪፖርቱን የጻፈው ግን መልስ መስጠት በማትችይበት ጊዜ ነው። ሆን ብሎ ጠብቆ ነው አልልም። ማስረጃ የለኝም፤ ማስረጃ የሌለውን ነገር ስጽፍ ብታይኝ ብዕሩን ከእጄ ትነጥቂኝ ነበር።

ተቆጥቻለሁ። ላንቺ ስጽፍ ግን ቁጣዬ በረድ ስለሚል በቤታችን ወሬ ልጀምር።

ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ማፍሰሱን አቁሟል፤ ሁለት ቆርቆሮ አስቀየርኩ። ጌሾሽ አጥሩን አልፎ ሄዷል። ጎረቤት ጠላ ሊጠምቅ ሲል መጥቶ ይቆርጣል፤ አንዳንዱ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አይጠይቅም፤ ሁለቱንም ዝም እላለሁ። ልጃችን ውባለም ስማዳ ውስጥ ወገዳ ጤና ጣቢያ ከተመደበች ወዲህ የማያት በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ከስማዳ እስከዚህ ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ በእህል መኪና ተጭና፣ አቧራ ለብሳ ስትደርስ ገና ደጃፉን ሳታልፍ «ሰሌዳው አለ?» ትላለች። አለ። ከአሮጌ የባትሪ ድንጋይ ጥቁሩን ወቅጠሽ የእልፍኙን ግድግዳ የቀባሽው ሰሌዳ እንዳለ ነው። ቤቱን ኖራ ሳስቀባ ቀቢው ወደዚያ እንዳይደርስ ከለከልኩት። «ጋሼ፣ ጥቁር ግድግዳ እኮ ገድ የለውም» አለኝ። ገዱን ለእኔ ተውልኝ አልኩት።

ያንቺ ሁለት ክፍሎች ለእኔ ተሰጥተውኛል። ተማሪዎቹ «እትዬ ይታይሽ እንዲህ አልነበረም የሚሉት» ሲሉኝ እችላቸዋለሁ። መቻል ልማዴ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የተጀመረው በደብተርሽ ነው። የሎጋሪዝም እኩልታዎችን ከቀላል ወደ ከባድ ደርድረሽ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ማብራሪያውን በአማርኛ የጻፍሽበት ያ ሃምሳ ስድስት ገጽ። ጥቅምት ላይ መምህራኑ ተሰብስበን በስቴንስል እንዲባዛ ተስማማን። አሁንም አንድ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ ነው። ከታች ጋይንትና ከስማዳ ወጥተው እዚህ መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይተው የሚማሩት መጽሐፉ የሚደርሳቸው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያችም ቀን ስንቅ ሊያመጡ አገራቸው የሚሄዱባት ቅዳሜ ከሆነች አለቀላቸው። ደብተርሽ ቢባዛ ለእያንዳንዳቸው ይደርሳል ብለን ነበር። የማባዣው ቀለም እስኪገኝ ስድስት ወር ጠበቅን። ቀለሙ ሲመጣ ይህ ወረቀትም አብሮ መጣ።

ዳይሬክተራችን የእኔም የአንቺም ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘግቶ «ጋሼ፣ ጉድለት ተገኘባቸው የተባሉ መምህርት ደብተር ላይ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አላሳርፍም። ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ።

«መልሱ ስንት ነው?» አልኩት።

«አንድ ነው፣ ጋሼ። አምስት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ያውቀዋል። እንዲያውቀው ያደረግሽው አንቺ ነሽ። እያወቀ ዝም ማለቱ ከተቆጣጣሪው አለማወቅ ይበልጥ አናደደኝ። በኋላ አራት ልጆች እንዳሉት አስታወስኩና ተውኩት።

ያን ቀን ምን እንዳስተማርሽ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም። ክፍሎቻችንን የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግርዶሽ ብቻ ነበር። እኔ ፈተና እየፈተንኩ ስለነበር በእኔ በኩል ጸጥ ብሏል፤ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ሰሌዳው ላይ የጻፍሽው ይህን ነበር፦

log x + log (x − 3) = 1

የሁለት ሎጋሪዝሞች ድምር የብዜታቸው ሎጋሪዝም ነው ብለሽ ሁለቱን አንድ ላይ አደረግሽ። x(x − 3) = 10 ሆነ። ከዚያ x² − 3x − 10 = 0። ከዚያ (x − 5)(x + 2) = 0። ስለዚህ ወይ አምስት፣ ወይ ኔጌቲቭ ሁለት። ተቆጣጣሪው በማስታወሻው የጻፈው እስከዚህ ነው። ትምህርቱ ያለቀ መስሎት ይሆናል።

አላለቀም ነበር። «ኑ፣ አሁን አንድ በአንድ እንጥራቸው» አልሽ። «አምስት!» ከልጆቹ አንዱ «አቤት!» አለ። አምስት ሲገባ የአምስት ሎግና የሁለት ሎግ ሆነ፤ ከሰንጠረዡ 0.6990 እና 0.3010 አወጣችሁ፤ ሲደመር ልክ አንድ። ከዚያ «ኔጌቲቭ ሁለት!» ስትዪ ሌላው «አቤት!» አለ። ከእሱ ላይ ሦስት ሲቀነስ ኔጌቲቭ አምስት ይሆናልና «ብቻህን ግባ፤ ኔጌቲቭ አምስት ደጅ ይቆይ!» አልሽ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ዘንድ የሚፈተኑትም ሳቁ፤ ኮምፔንሳቶውን በማስመሪያ መታሁት፤ አልሰማሽኝም። ኔጌቲቭ ሁለት ብቻውን ሲጠራ መግባት አቃተው፤ አሥር በየትኛውም ፓወር ቢነሳ ኔጌቲቭ አይሆንምና። «ታዲያ እስከዚህ እንዴት ደረሰ?» ብለሽ ጠየቅሽ። ራስሽ መለስሽው። «ኔጌቲቭ ሁለትና ኔጌቲቭ አምስት ለየብቻቸው ዋስ የላቸውም። ስናባዛቸው ግን አንዱ ለአንዱ ዋስ ሆነና ‹አሥር ነን› ብለው አብረው ገቡ። በሩን የከፈትነው እኛ ነን፤ እነሱ ምን አጠፉ?»

አንዱ ልጅ «እንጣለው!» ብሎ ጮኸ። ድምፅሽ ያን ጊዜ ቆፍጠን አለ። «አይጣልም! ዋሽቶ አልመጣም። የዚያ የኋለኛው እኩልታ ሐቀኛ ልጅ ነው፤ ቤቱ እዚህ አይደለም እንጂ። እንግዳ ሲሄድ ምን ይደረጋል?» ሁሉም በአንድ ድምፅ «ይሸኛል!» አሉ። «በሉ እናሰናብተው» አልሽ።

ቀልድ የተባለው ይህ ነው። እኔ በሠላሳ ዓመት የማስተማር ሥራዬ «ይጣላል» ነው የምለው። ተማሪዎቼም ይጥላሉ፤ ግማሾቹ ለምን እንደሚጥሉ አያውቁም፤ ኔጌቲቭ ባዩ ቁጥር የሚወረውሩ አሉ። ያንቺዎቹ ግን ሊሸኙት እስከ በሩ ስለሚሄዱ ለምን እንደማይገባ አይተው ይመለሳሉ።

ለተቆጣጣሪው ግን ‹ማሰናበት› ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ከአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሠራተኞች ተሰናብተው ከተማው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። ቃሉን ከአፍሽ ሲሰማ ጆሮው የቆመው ለዚያ ይመስለኛል። ኔጌቲቭ ሁለት ያለ ጥፋቱ ከሥራ የተባረረ ጓድ ሳይመስለው አልቀረም።

ከፋሲካ በፊት አውቶቡስ ተሳፍሬ የበላያችን ወደሆነው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ማኅደሮቹን የያዘው ኃላፊ በትሕትና ተቀበለኝ። ያስቸገረኝም ትሕትናው ነው፤ የሚጮህ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ጓድ መምህር፣ ሁለት መልስ ወጥቷል አልወጣም?» አለኝ። ወጥቷል አልኩ። «ተማሪዎቹ በመጨረሻ ስንት ጻፉ?» አንድ አልኩ። «እንግዲህ አንዱ ጎድሏላ» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። የሎጋሪዝም ሰንጠረዤን ከቦርሳ አውጥቼ ኔጌቲቭ ሁለትን ይፈልጉልኝ አልኩት። ጣቱን እየላሰ ከፊት እስከ ኋላ ገለበጠው።

«የለም» አለ።

«ታዲያ?»

«ይኼ አሮጌ እትም ነው። በአዲሱ ይኖር ይሆናል።»

ይታይሽ፣ አልጮህኩም። አንቺ ብትኖሪ ደግሞ የምትገሥጪው እሱን ሳይሆን እኔን ነበር፤ እውነትም አለሽ። ሰንጠረዥ ውስጥ አለመኖር ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት መቶም እዚያ ውስጥ የለም፣ ሎጋሪዝሙ ግን አለ። የሰነፍ ማስረጃ ነበር ያቀረብኩት። ሰውየው በመጨረሻ «ለነገሩ ሟች ናቸው፤ የተወሰደባቸውም እርምጃ የለም፤ ምን ጎደለብዎ?» አለኝ። የደብተሩን ነገር ነገርኩት። «ደብተሩን ሙሉውን፣ አንድ ገጽ ሳይጎድል፣ ከማመልከቻ ጋር ያቅርቡና ይታያል» አለ።

ፋሲካን ውባለም እዚህ ዋለች። ከእርድና ከእንግዳው በኋላ ሁለታችን ከሰሌዳሽ ሥር ተቀምጠን ደብተርሽን ገጽ በገጽ አነበብን። እስከ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ድረስ ደስ እያለን ነበር። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ የራሴን ቀይ ብዕር አገኘሁ።

እኩልታው log x² = 4 ነው። አንቺ x² = 10000 ብለሽ፣ መልሱ መቶ እና ኔጌቲቭ መቶ ነው ብለሻል። ከጎኑ በእኔ እጅ፣ በቀይ፣ «ኔጌቲቩ ይጣል። መልሱ መቶ ብቻ ነው» ይላል። ሥሩ ላይ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ብዬ ፈርሜበታለሁ። ትዝ ይለኛል፤ መምህራኑ ሁላችሁ በየሳምንቱ የትምህርት ዝግጅት ደብተር ስትሰጡኝ አንድ ላይ ከምሬ የምፈርምበት ጊዜ ነበር። ከ x በላይ ያለችውን ሁለት አውርጄ ወደ ፊት አመጣሁና 2 log x = 4 አደረግሁት፤ ከዚያ x መቶ ሆነ፤ ኔጌቲቩን ስሕተት ነው ብዬ ሰረዝኩት። ሕጉ ግን ያን የሚፈቅደው x ፖዘቲቭ ሲሆን ብቻ ነው። ኔጌቲቭ መቶ በራሱ ሲባዛ አሥር ሺህ ነው፤ የአሥር ሺህ ሎግ አራት ነው፤ ልክ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለውን ባለቤት ነው ያስወጣሁት። ሁለት ሎጋሪዝም ስናዋሕድ የማይኖር እንግዳ ይገባል፤ የአንዱን ስኩዌር ወደ ፊት ስናመጣ ደግሞ ባለቤቱ ሊወጣ ይችላል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። የመጀመሪያውን ስጠነቀቅ ሁለተኛውን ረሳሁት።

ከቀዩ ሥር በእርሳስ፣ በትንሽ ጽሑፍ፣ «ሁለቱም ተጠሩ። ሁለቱም ገቡ» ብለሻል። ሌላ ምንም የለም።

ቀኑን አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ። ያ ሳምንት ‹አንቱ› ያልሽኝ ሳምንት ነው። በትምህርት ቤት ሁሌም አንቱ ነበርኩ፤ በቤታችን ግን አንተ ነኝ። ያን ሳምንት ቤት ውስጥም «አንቱ፣ ምሳ ቀርቧል»፣ «አንቱ፣ ካልሲዎ ደርቋል» ስትዪኝ ሰነበትሽ። የአክስትሽን ልቅሶ ስላልደረስኩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ግማሽ ቀን በእግሬ ሄጄ ልቅሶ ደርሼ ተመለስኩ። አቧራዬን እያራገፍሽልኝ «ደከምዎ?» አልሽኝና ሳቅሽ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። አንድ ጥያቄ ነበር የሚበቃው፤ ሰው ለሌላው ሰው ሁሉ ማስረጃ አምጣ እያለ ለሚስቱ የራሱን ግምት ይዞ መንገድ ይወጣል።

ውባለም ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አባባ፣ ቅደደው» አለችኝ። «አንድ ቅጠል ነው። እነዚህ ሰዎች እንኳን የ x ስኩዌሩን የአምስቱንም አላወቁት። ያንተን ቀይ ሲያዩ ‹ባሏም፣ ኃላፊዋም ጉድለቷን አውቆት ነበር› ይላሉ። ያኔ እማዬ አለቀላት።» የተናገረችው ትክክል ነው። ጽሕፈት ቤቱ የሚፈልገው ፊርማ ያለበት ነገር ነው፤ ፊርማው ደግሞ የእኔ ነው። ብቀድደው ማንም አያውቅም። ብተወው ያንቺን ስም ሊያጠፋ የሚችለው ጠንካራ ማስረጃ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ይሆናል።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ውባለም ወደ ወገዳ ከመመለሷ በፊት በሰማያዊ ብዕር ከእርሳስሽ ሥር ይህን ጻፍኩ፦ «ከላይ በቀይ የተጻፈው የእኔ ስሕተት ነው። የመምህርት ይታይሽ መልስ ሙሉና ትክክለኛ ነው። ኔጌቲቭ መቶ ይገባል።» ቀንና ፊርማ አደረግሁበት። ውባለም አነበበችና «አሁን አንቱ አትልህም» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ ቆየች።

ዋናውን ደብተር ለአውቶቡስ አላምነውም። ባለፈው ዓመት ያስተማርሻቸው፣ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱት ልጆች በየተራ ገለበጡት። ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ የደረሰው አንድ ከአርብ ገበያ ከተማ የመጣ ጎረምሳ እየሳቀ «ጋሼ፣ ይኼም ይገልበጥ?» አለኝ። «ይገልበጥ» አልኩት። «በቀይ?» «በቀይ።» ጓደኛው የሆነች ልጅ ከኋላ «ኧረ እኛ እናውቀዋለን» አለች። እንዴት እንደምታውቀው ጠየቅኋት። ስኩዌሩን ወደ ፊት ከማምጣታቸው በፊት ቆም እንዲሉ ስታስተምሪያቸው «አንድ ጎበዝ መምህር እዚች ላይ ተሰናክለዋል። ጎበዝ ሰው የሚሰናከለው ሕጉን ካመነ በኋላ መመርመር ሲተው ነው» ብለሻቸው ኖሯል። ማን ናቸው ብለው ቢነዘንዙሽ አልነገርሻቸውም። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ ቀና ብላ አየችኝና ወዲያው ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። መምህሩን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ይታይሽ፣ ማመልከቻው ከግልባጩ ደብተር ጋር ሰኞ ይሄዳል። ይህን ደብዳቤም አያይዘዋለሁ፤ አንድ ቅጂ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ዳይሬክተሩ ሊያነሳው ይችላል፤ ቢያነሳው ሌላ እጽፋለሁ፤ እጄ ደህና ነው። የምጠይቀው ስለ አንቺ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር እንዲሰረዝና በምትኩ «የእኩልታው መልስ አምስት ብቻ ነው፤ መምህርቷ በትክክል አስተምረዋል» ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ደብተርሽ ለተማሪዎቹ እንዲባዛ ነው። የሙያ ጉድለት የግድ መመዝገብ ካለበት ደግሞ ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ አለላቸው፤ በእኔ ማኅደር ይመዝገብ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ እርምጃ ሊወስዱ ይችላሉ፤ አልከራከርም።

አንቺን ለማስታወስ የማደርገውን ልንገርሽ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየዓመቱ ሎጋሪዝም ላይ ስደርስ ሁለቱን እኩልታዎች ጎን ለጎን እጽፋለሁ። የመጀመሪያውን ‹የእትዬ ይታይሽ› እለዋለሁ፤ ሁለተኛውን ‹የእኔ ስሕተት› እለዋለሁ፤ ማን እንደነበር ራሴ እናገራለሁ። ‹ይጣላል› የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት እየሞከርኩ ነው። ሠላሳ ዓመት የተለማመድኩት ስለሆነ አንዳንዴ ያመልጠኛል፤ ያን ጊዜ ያንቺ ልጆች ያርሙኛል፤ እችላቸዋለሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ይህን እያነበበ ከሆነ፦ በቃል የሚነገረኝን፣ በስልክ የሚላክብኝን፣ ‹ይታያል› የሚለውንም አልቀበልም። ፊርማና ማኅተም ያለበት የጽሑፍ መልስ እስከ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ድረስ በእጄ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

ባለቤትሽ አንተነህ
መካነ ኢየሱስ